«ሲስተም የለም» መልስ አይደለም!

አምቦ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያየሁትን ላስቀድም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ሰልፉ ከበሩ አልፎ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ደርሷል። ከጌዶ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ተራቸው ደረሰና መስኮቱ ጋ ቆሙ። ወረቀታቸውን ከፌስታል አውጥተው ዘረጉ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ «አባባ፣ ሲስተም የለም። ከሰዓት ይመለሱ» አለቻቸው። ከሰዓት ተመለሱ። ሲስተም የለም። «ነገ ይምጡ።» አዛውንቱ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ይሄ ሲስተም የሚሉት ሰውዬ የት ሄዶ ነው?» አሉኝ።

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ያ ሳቅ ዋጋ አለው። ከጌዶ አምቦ መጥቶ የመመለሻው ገንዘብ፣ ከእርሻ የጎደለው ቀን፣ ነገ ለመሰለፍ ዛሬ አልጋ ይዞ ማደሩ ሁሉ ከሰውየው ኪስ ይወጣል። ይህን ሒሳብ በሪፖርቱ ላይ የሚያሰፍር መሥሪያ ቤት አላየሁም። ሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው «አገልግሎታችንን ዲጂታል አድርገናል» የሚለው ነው።

ነገሬ ከልጅቷ ጋር አይደለም። እሷ ያልመረጠችውንና ያልፈተሸችውን ዕቃ ይዛ ቀኑን ሙሉ የሰው ቁጣ የምትቀበል ሠራተኛ ናት። ነገሬ ሰርቨሩን ከገዛው፣ ከተረከበውና «ይሠራል» ብሎ ከፈረመው ጋር ነው። ሰርቨርና የመረጃ ማከማቻ ስንገዛ አንለካም፣ ስንረከብ አንለካም፣ ሲቆምም ለምን እንደቆመ አንለካም። እኔ የምለው፣ ሕዝብ የሚያገለግል ማሽን በገዢው ሥራ፣ በገዢው ከተማ፣ በገዢው ዐይን ፊት ሳይፈተን ክፍያው ሊጠናቀቅ አይገባም ነው።

▪️ «ሲስተም» ስንት ነገር ነው?

«ሲስተም የለም» ሲባል ቢያንስ ከአራት ነገሮች አንዱ ሆኗል ማለት ነው። አንድ፣ መብራት ጠፍቷል። ሁለት፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መስመር የሆነ ቦታ ላይ ተቋርጧል። ሦስት፣ ሰርቨሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ መተንፈስ አቅቶታል። አራት፣ ሰርቨሩ ደህና ሆኖ ሳለ መረጃው የሚቀመጥበት ዲስክ አልደርስ ብሎት እየጠበቀ ነው።

መስኮቱ ፊት ለቆመው ሰው አራቱም አንድ ናቸው። ለመሥሪያ ቤቱ ግን አራት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። የዲስክ ችግር ያለበት መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት ፍጥነት ቢያሳድግ፣ ለወባ የታይፎይድ ኪኒን እንደ መዋጥ ነው። ገንዘቡ ይወጣል፤ ሰልፉ ግን እዚያው ነው።

እስቲ ጠይቁ። «ባለፈው ወር ስንት ሰዓት ሲስተም አልነበረም? ከዚያ ውስጥ በመብራት ስንቱ፣ በመስመር ስንቱ፣ በሰርቨሩ ስንቱ?» በሉ። እኔ በጠየቅሁባቸው ጥቂት ቦታዎች ቁጥር ይዞ የመለሰልኝ የለም። ሁሉም «ኔትወርክ ነው» ይላል። ቴሌ የራሱ ኃጢአት አለበት፤ የሌላውን ሁሉ ኃጢአት ግን መሸከም የለበትም።

▪️ ሣጥን ቆጥሮ መፈረም

ግዥው እንዴት እንደሚካሄድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጨረታው ላይ ይህን ያህል ኮር፣ ይህን ያህል ጊጋባይት ሜሞሪ፣ ይህን ያህል ቴራባይት ዲስክ ተብሎ ይጻፋል። ዕቃው ሲመጣ ተረካቢ ኮሚቴ ይሰበሰባል። ሣጥን ይቆጠራል፣ የሞዴል ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል፣ ማሽኑ ሲበራ አረንጓዴ መብራቱ ይታያል። ከዚያ ሞዴል 19 ይቆረጣል። አለቀ። ያ ማሽን በአንድ ጊዜ ሃምሳ ሠራተኛ ቢጠቀምበት ምን እንደሚሆን የጠየቀ የለም።

ቴራባይት ጎተራው ስንት ኩንታል እንደሚይዝ እንጂ በሩ በአንዴ ስንት ሰው እንደሚያስገባ አይነግረንም። ሒሳቡ ቀላል ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ተራ ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የሚፈለገው መረጃ እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ የማንበቢያው ክንድ ቦታው እስኪደርስ ደግሞ 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጠብቃል። በድምሩ 12 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዲስክ በሰከንድ የሚያስተናግደው የተበታተነ ጥያቄ ከ80 ብዙም አያልፍም። ዲስኩ 1 ቴራባይት ቢይዝም 8 ቴራባይት ቢይዝም ልዩነት የለውም።

አራቱን ዲስኮች ሬይድ 5 በሚባለው አደራደር አንድ ላይ ብታያይዟቸውስ? በዚህ አደራደር እያንዳንዷ ትንሽ ጽሕፈት አራት የዲስክ ሥራ ትጠይቃለች። ስለዚህ ረዳት ካሽ ከሌለው፣ አራት ዲስክ ተገዝቶ የመጻፍ አቅሙ ተመልሶ የአንድ ዲስክ ይሆናል፤ በሰከንድ 80 ገደማ። ደህና ኤስ ኤስ ዲ ግን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ያስተናግዳል። «8 ቴራባይት» የሚለው ቃል ብቻ የተጻፈበት ጨረታ ግን ሁለቱን አይለያቸውም፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል።

▪️ ከጆንያው ሥር

ጊንጪ ገበያ ጤፍ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ያለውን አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። እጁን ወደ ታች ሰዶ ከሥር ይዘግናል። ከላይ ማኛ፣ ከታች ሰርገኛ ሊሆን እንደሚችል ያውቃላ! ማንም ኮርስ አልሰጠውም። የሚከፍለው የራሱን ገንዘብ ስለሆነ ነው።

የሰርቨር ጆንያም ከላይና ከታች አለው። ብዙ ርካሽ ኤስ ኤስ ዲዎች መጀመሪያ የሚጻፍባቸውን ጥቂት ጊጋባይት ፈጣን በሆነች ትንሽ ቦታ ይቀበላሉ። ያቺ ቦታ ስትሞላ ፍጥነቱ ይወርዳል። ለአምስት ደቂቃ የፈተነ ሰው ማኛውን አይቶ ሄደ። ለሰዓታት ያለማቋረጥ የፈተነው ነው ሰርገኛው ጋ የሚደርሰው። የአቅራቢው ብሮሹር ላይ በጉልህ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ ምንጊዜም የጆንያው አፍ ነው።

አማካይ የሚባለውም እንዲሁ ያታልላል። አሥር ሰው ተስተናገደ እንበል። ዘጠኙ በ1 ሰከንድ መልስ አገኙ፤ አሥረኛው 91 ሰከንድ ጠበቀ። አማካዩ 10 ሰከንድ ነው። ይህ ቁጥር የዘጠኙንም የአሥረኛውንም ታሪክ አይናገርም። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ለኪ «ከመቶ ጥያቄ 99ኙ በስንት ሰከንድ ውስጥ ተመለሱ?» ብሎ ይጠይቃል። ከመቶው አንዱ ከጌዶ የመጡት አዛውንት ናቸውና።

▪️ ፈረንጆቹም በሻጭ ቃል አልኖሩም

ይህ የድሃ አገር ጥርጣሬ ነው የሚል ካለ ታሪኩን ይስማ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የባንክ ኮምፒውተር ሻጮች ሁሉ «የእኔ ይበልጣል» እያሉ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቁና ይሰፍሩ ነበር። በ1985 ጂም ግሬይ የተባለው የዳታቤዝ ሊቅ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር፣ ስም ሳይጠቅሱ፣ «ዳታሜሽን» በተባለ መጽሔት ላይ አንድ መለኪያ አቀረቡ። መለኪያው ከባንክ መስኮት የተቀዳ ነው፤ ደንበኛ ገንዘብ ያስገባል፣ ያወጣል፣ ማሽኑ በሰከንድ ስንቱን ያስተናግዳል?

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ቲ ፒ ሲ የተባለው ምክር ቤት ተቋቋመ። ደንቡ ላይ ሁለት ነገር አስገባ። ፍጥነቱን የሚያወጣ ዋጋውንም አብሮ ያውጣ፤ ውጤቱንም ገለልተኛ ኦዲተር ይመርምረው። ያኔም ቢሆን ማታለሉ አልቆመም። በ1993 ኦራክል ለፈተናው ብቻ የሚጠቅም ልዩ አማራጭ ዳታቤዙ ውስጥ አስገብቷል ተብሎ ተወቀሰ። ምክር ቤቱም ለፈተና ብቻ የሚሠሩ እንዲህ ያሉ ነገሮችን በደንብ ከለከለ።

ሌላም አለ። በ1983 ዴቪድ ዴዊት የተባለ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህር ከባልደረቦቹ ጋር ዳታቤዞችን አወዳድሮ ውጤቱን አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ኦራክልና ሌሎች ኩባንያዎች «ያለ እኛ ፈቃድ የፍጥነት ውጤት ማሳተም ክልክል ነው» የሚል አንቀጽ ፈቃድ ውላቸው ውስጥ አስገቡ። አንቀጹ እስካሁን በእሱ ስም ይጠራል። ልብ በሉ፤ ሻጩ የሚፈራው ልኬትን ነው። ሻጭ የሚፈራውን ነገር ገዢ ሊወደው ይገባል።

▪️ አምቦ ላቦራቶሪ አይደለችም

በዚሁ በነቀምቴ መንገድ ላይ ሆለታና ባኮ የግብርና ምርምር ማዕከላት አሉ። ገበሬው የሚያውቀው ቢ ኤች 660 የተባለው በቆሎ ስሙን ያገኘው ከባኮ ነው። አንድ ዝርያ ለገበሬ ከመለቀቁ በፊት በተለያየ ከፍታና አፈር ላይ ተዘርቶ ይሞከራል። አንድ ቦታ ጥሩ ስለበቀለ ሁሉም ቦታ ይበቅላል የሚል ተመራማሪ የለም። ሰርቨር ሲሆን ግን ሌላ አገር፣ በቀዘቀዘ ክፍል፣ መብራት በማይጠፋበት ቦታ የተለካ ቁጥር ተቀብለን ሽንን ውስጥ እንተክላለን።

ከፍታውን እንይ። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጀልዱ ደጋ ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዣው ንፋስ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ አምራቾች ማሽኑ የሚችለውን ከፍተኛ ሙቀት ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሱለታል። ወረቀቱ ላይ 35 ዲግሪ የተባለው፣ አምቦ ሲደርስ 31 ነው። መስኮቱ የተዘጋ፣ ኤሲው የተበላሸ ወይም ከመጀመሪያውም ያልነበረ ክፍል ውስጥ በየካቲት ከሰዓት በኋላ 31 ዲግሪ ማለፍ ከባድ አይደለም። ማሽኑ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስህተት አይጽፍም፣ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ይንቀራፈፋል።

መብራቱንም እንይ። ብዙ ሰርቨሮች የሚጻፈውን መረጃ ዲስክ ላይ እስኪደርስ በካሽ ይይዙታል፤ መብራት ሲጠፋ እንዳይጠፋ ካሹ የራሱ ባትሪ አለው። መብራት በየጊዜው በሚቆራረጥበት ከተማ ዩፒኤስ ይደክማል፤ ይህች ትንሽ ባትሪም በዕድሜና በሙቀት ታረጃለች። ባትሪዋ ስትሞት ብዙ ማሽኖች መረጃ እንዳይጠፋ በማለት ካሹን ትተው በቀጥታ ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራሉ። ያኔ ወደዚያች 80 እንመለሳለን። ሠራተኛው «ከክረምት ወዲህ ሲስተሙ ቀሰስ ብሏል» ይላል፤ አለቃው ቴሌን ይረግማል። ችግሩ ግን የአንዲት ባትሪ ነው። ሲገዛ የተለካ ማሽን ቢሆን ኖሮ፣ የዛሬውን ከያኔው ቁጥር ጋር አስተያይቶ በግማሽ ቀን ይገኝ ነበር።

▪️ መጋቢት 2016ን አንርሳ

ያልተፈተነ ነገር ምን እንደሚያስከፍል በአገር ደረጃ ያየነው መጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። አርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ተዛመተ፤ ተማሪዎች ሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ ያለአግባብ ወጣ ያለው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። የሳይበር ጥቃት አይደለም ተባለ፤ ብሔራዊ ባንክም ጉዳዩን ከሲስተም ጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር አያይዞ ነው የገለጸው። ከዚያ ገንዘቡን መልሱ ተባለ፤ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ወጣ።

ፍትሐዊ እንሁን። ይህ የፍጥነት ችግር አልነበረም፤ ያልሆነ ገንዘብ የወሰደም ሰው መመለሱ ተገቢ ነው። ባንኩም አብዛኛውን አስመልሷል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የተማሪውን ስምና ፎቶ ሁላችንም አየን። ያ ለውጥ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ማን ፈተነው፣ በምን ፈተነው፣ ማን «አልፏል» ብሎ ፈረመበት የሚለውን ግን ሕዝብ በዝርዝር አልሰማም። በትልቁ ባንክ እንዲህ ከሆነ፣ ሁለት የአይቲ ሠራተኛ ባለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ምን ይሆናል?

▪️ የሚሰጡ ምክንያቶች

«ገንዘብ የለም።» መለኪያው ነፃ ነው! ዲስክ የሚፈትነው «ኤፍ አይ ኦ»ም፣ ዳታቤዝ የሚፈትነው «ሐመር ዲቢ»ም ያለ ክፍያ የሚወርዱ ናቸው። የሚያስፈልገው አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ባለሙያ፣ ሦስት ቀን ነው።

«ባለሙያ የለም።» ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ሲሰጥበት የኖረ፣ በእርሻ ትምህርት ቤትነት ተጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የሆነ ተቋም አምቦ ላይ አለ። የቴክኖሎጂ ተማሪዎቹ በሃጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ ይማራሉ። ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ ከመቸገር የጊንጪን፣ የጉደርን፣ የጌዶን የመንግሥት ሰርቨሮች በመምህራን ክትትል ቢለኩ ማን ይጎዳል?

«የደኅንነት ምስጢር ነው።» የይለፍ ቃል አልጠየቅንም። መስኮቱ ላይ አንድ አገልግሎት በስንት ሰከንድ እንደሚያልቅ ምስጢር ሊሆን አይችልም፤ ሰልፈኛው በሰዓቱ ያየዋል።

«ሁሉም ወደ ማዕከል፣ ወደ ክላውድ እየሄደ ነው።» ይሂድ። ግን ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን፣ ልኬቱ ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከባኮና ከጀልዱ መስኮት ይወሰድ። «99 ከመቶ አስተማማኝ ነው» የሚል ውል ሲመጣላችሁም አስሉት። ቀሪው አንድ ከመቶ በዓመት ከ87 ሰዓት በላይ ነው። በሥራ ሰዓት ላይ ከዋለ ወደ 11 የሥራ ቀን ይሆናል።

▪️ ምን ይደረግ?

ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የፌዴራል ግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ራሱ፣ የመንግሥት ገንዘብ ተመጣጣኝ ጥቅም ማስገኘቱን ከመርሆቹ አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ የምጠይቀው ተአምር አይደለም።

1. ጨረታው ላይ ከቴራባይቱ ጎን ሥራው ይጻፍ። «ይህን ያህል ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሲጠቀም፣ ከመቶ ጥያቄ 99ኙ በ2 ሰከንድ ውስጥ ይመለሱ» ይባል።

2. ርክክቡ ማሽኑ በሚቀመጥበት ክፍል፣ የሕዝብ መረጃ ሳይገባበት በፊት፣ በተከታታይ 72 ሰዓት ፈተና ይሁን። የክፍያው የተወሰነ ክፍል ፈተናው እስኪታለፍ ይያዝ። ፈታኙ አቅራቢው አይሁን።

3. ፈተናው በክፉ ቀን መጠን ይሁን፤ በሐምሌ የግብር ሰሞን፣ በተማሪዎች ምዝገባ ቀን፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ሌሊት ልክ። ፈተናው እየተካሄደ ሳለም መብራቱ ይጥፋ። ዲስክ ተነቅሎ ይታይ። እኛ ካልነቀልነው አንድ ቀን ራሱ ይነቀላል።

4. ያው ፈተና በየስድስት ወሩ ይደገም፤ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ጋር ይተያይ።

5. በየወሩ መጨረሻ መሥሪያ ቤቱ በሩ ላይ ይለጥፍ። ስንት ሰዓት አገልግሎት ቆመ? በመብራት ስንት፣ በመስመር ስንት፣ በሰርቨር ስንት፣ በዲስክ ስንት?

አምስተኛው ብቻ እንኳ ቢሆን ብዙ ነገር ይቀይራል። «ኔትወርክ ነው» ማለት የሚቻለው ቁጥር እስካልተጻፈ ድረስ ነው።

ዛሬ ነዳጅ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ነው። ባንክ ሒሳብ ሲከፈት ፋይዳ ይጠየቃል። የተማሪ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በበይነ መረብ መሰጠት ጀምሯል። ወረቀቱና መዝገቡ እየቀረ ነው፤ ወደ ኋላ የምንመለስበት መንገድ የለም። ቀድሞ ሲስተም ሲጠፋ መዝገብ ቤት ይኬድ ነበር። አሁን ሲስተም ከሌለ ሰውየው ራሱ የለም ማለት ነው፤ ሒሳቡም፣ መሬቱም፣ ውጤቱም እዚያ ውስጥ ናቸውና።

አዛውንቱ በማግሥቱ ተመልሰው መጥተው ነበር። ሲስተሙም ነበር። ሥራቸው አራት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ለአራት ደቂቃ ጉዳይ ሁለት ቀን ለምን እንደጠፋባቸው የነገራቸው የለም። በዚያ መሥሪያ ቤት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው። ማንም አልለካውም።

እናንተስ? በከተማችሁ ባለፈው ወር ስንት ቀን «ሲስተም የለም» ተባላችሁ? ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተሰጣችሁን ምክንያት ጻፉልን። ልኬቱን እነሱ ካልጀመሩት ከሰልፉ እንጀምረው።